ከዱብሉቅ እስከ ቄራ፦ የመንገዱን ጉድለት የሚከፍለው ማን ነው?

አንድ የቦረና ወይፈን ዱብሉቅ ገበያ ላይ ተገዛ እንበል። ክብደቱ 300 ኪሎ ነው። እዚያው መኪና ላይ ይጫንና ያቤሎን፣ ቡሌ ሆራን፣ ዲላን፣ ሐዋሳን፣ ሻሸመኔን አልፎ ሞጆ ወይም አዳማ ይወርዳል። መንገዱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሲወርድ ሚዛን ላይ ቢቆም 300 ኪሎ አይሞላም። ውሃና መኖ ሳያገኝ ይህን ያህል የተጓዘ ከብት ከክብደቱ ከመቶ ስድስት ሰባት እጅ ሊያጣ ይችላል። ጉዞው ሲከፋ ከዚያም ይበልጣል። ከአንዱ ወይፈን ሃያ ኪሎ ገደማ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። መኪናው ላይ 15 ከብት ከነበረ የአንድ ሙሉ ወይፈን ክብደት ጠፍቷል።

በዚያው መንገድ ከይርጋ ጨፌ የተጫነ ሦስት ኩንታል ቡና ቢጎድል ሹፌሩ ተጠርቶ ይጠየቃል። ነገሩ ፖሊስ ጋር ሊደርስም ይችላል። የከብቱን ጉድለት ግን የሚጠይቅ የለም። ሲጫንም ሲወርድም አልተመዘነማ።

የዚህ ንግድ ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ከብት ከሩቅ ስለማምጣት ሲወራ የሚነሳው የመንገዱ ርዝመት፣ የኬላው ብዛት፣ የነዳጁ ዋጋ ነው። ሁሉም እውነት ነው። ከሁሉም ሥር ያለው ግን ጉድለቱን የሚያሳይ ሚዛን አለመኖሩ ነው። ኪሳራው ስለማይታይ የእኔ ነው የሚል ሰው የለም። ስለዚህም ኪሳራውን ለመቀነስ ብሎ አንድ ባልዲ ውሃ የሚገዛ፣ አንድ ሰዓት የሚያሳርፍ አይገኝም።

ከብቱ ለምን ይሄን ያህል ይጓዛል?

በ2013 ዓ.ም. የግብርና ናሙና ጥናት መሠረት ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚደርስ የቀንድ ከብት አላት። ለገበያ ከሚወጣው ውስጥ ብዙው ያለው ግን ገዢው ከሚኖርበት በጣም ርቆ ነው። ቦረናና ጉጂ፣ ሶማሌ፣ አፋር፣ ደቡብ ኦሞ ከብቱ አላቸው። በላተኛው አዲስ አበባ ነው። በመሃል አዳማና ሞጆ ዙሪያ አድላቢዎች አሉ። የቦረና ወይፈን ገዝተው ሦስት ወር ያህል በገለባ፣ በፉርሽካና በፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው) ያደልባሉ። ከዚያ በጅቡቲ በኩል ወደ ውጭ ይልኩታል። የወጪ ንግድ ቄራዎቹም ሞጆና ቢሾፍቱ አካባቢ ተሰብስበዋል። የታረደው ሥጋ ቀዝቅዞ ከቦሌ በአውሮፕላን ስለሚሄድ ለአየር ማረፊያው መቅረብ ነበረባቸው። እነሱ በብዛት የሚያርዱት በግና ፍየል ነው። ቢሆንም የሚመጣው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓይነት መኪና ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ካራሎ፣ ሸጎሌ፣ ብርጭቆ ፋብሪካና ቄራ አካባቢ ያሉት የከብት ገበያዎች ከየአቅጣጫው ይሞላሉ። የሐረር ሰንጋ፣ የጅማ፣ የወለጋ፣ የጎጃም፣ የቦረና። አንዳንዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚገባው።

ድሮ በእግር ይነዳ ነበር። ነጂዎች መንጋውን ይዘው ሳምንታት ይጓዙ ነበር። ከብቱ ይከሳል። ግን እየጋጠና እየጠጣ ስለሚሄድ በየመሃሉ ያገግማል። ዛሬ ያ መንገድ በብዙ ቦታ የለም። ግጦሹ ታርሷል፣ ታጥሯል። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥታው የተረጋጋ አይደለም። አስፋልቱም እስከ ሞያሌ ደርሷል። ስለዚህ በመኪና መጫን የማይቀር ነበር፤ በዚህ የሚያዝን ሰው ያለም አይመስለኝም።

የእግር ጉዞው ግን ጨርሶ አልቀረም። ሕጉ ገበያውን በደረጃ ይከፍለዋል። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 የመጀመሪያ ደረጃና ሁለተኛ ደረጃ ገበያ ብሎ ለይቷል። መሬት ላይ ሲታይ ከብቱ ከመንደር ተነስቶ በእግር ወደ ትንሹ ገበያ ይመጣል። እዚያ ትንሹ ነጋዴ ይገዛዋል። እንደገና በእግር ወይም በመኪና ወደ ትልቁ ገበያ ይሄዳል። አዲስ አበባ ወይም አዳማ ሲደርስ ሁለት ሦስት ባለቤት ቀይሯል። እያንዳንዱ ባለቤት ቶሎ መሸጥ ይፈልጋል። ለአንድ ሁለት ቀን ለሚቆይ ከብት ድርቆሽ መግዛት ለማንኛቸውም አይታያቸውም። ስለዚህ ትልቁ መኪና ላይ የሚወጣው ከብት ቀድሞውኑ የደከመ፣ የተጠማ ከብት ነው። የረጅሙ መንገድ ጉዳት ሲቆጠር ይህ የፊተኛው ጉዞ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

መኪናው ላይ

ለከብቱ ከጉዞው ሁሉ የሚከፋው መጫኑ ነው። ላም ወይም በሬ ዓይኑ በጎንና በጎን ስለሆነ ከኋላው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው የማይታየው። የማያውቀውን ጥላ፣ ከፍታ፣ ጨለማ ሲያይ ቆም ብሎ ማጣራት ይፈልጋል። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ቴምፕል ግራንዲን በዚህ ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታለች። ከብት እንዲገባ የተፈለገበትን ቦታ በከብቱ ዓይን ማየት፣ የሚያስደነግጠውን ማንሳት፣ ያኔ ዱላ አያስፈልግም ነው የምትለው። የእኛ ገበያዎች አብዛኞቹ መጫኛ ደረጃ እንኳን የላቸውም። መኪናው ወደ አፈር ጉብታ ይጠጋል። ጉብታው ከመኪናው ወለል ጋር እኩል ካልሆነ ከብቱ መዝለል አለበት። አልዘል ሲል ጭራው ይጠመዘዛል፣ ይደበደባል፣ በገመድ ይጎተታል። ጫኞቹ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። የሚከፈላቸው በጫኑት ልክ ነው፤ የተሰጣቸው መሣሪያም ገመድና ዱላ ብቻ ነው።

መኪናው ራሱ ለከብት የተሠራ አይደለም። አብዛኛው አይሱዙ ነው። ወደ ደቡብ ሲወርድ ሲሚንቶ፣ ቢራ ወይም ሸቀጥ ይዞ ነው። ሲመለስ ባዶውን እንዳይሆን ከብት ይጭናል። ወለሉ የሚያንሸራትት ብረት ነው። አሸዋ ወይም ገለባ የሚያነጥፉ አሉ፤ ሁሉም ግን አያነጥፍም። ከላይ ጣራ የለውም። ቀን የቆላው ፀሐይ ይመታቸዋል። ሌሊት የቡሌ ሆራንና የጌዴኦን ደጋ ብርድ፣ አንዳንዴም ዝናብ ይቀበላሉ። ከቆላ ለመጣ ከብት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ የሚብሰው የኪራዩ አከፋፈል ነው። ኪራዩ ብዙ ጊዜ በመኪና ነው የሚቆረጠው፣ በከብት ቁጥር አይደለም። አንድ ተጨማሪ ወይፈን መጠቅጠቅ ነጋዴውን ምንም አያስወጣውም። ስለዚህ ይጠቀጥቃል። ከብት መኪና ሲሄድ መቆም ነው የሚመርጠው። እግሩን አስተካክሎ ሚዛኑን ይጠብቃል። ለዚህ ትንሽ ቦታ ይፈልጋል። በጣም ሲጠብበት መላወስ ያቅተዋል። አንዴ ከወደቀ ደግሞ ከላዩ ያሉት ቦታውን ይዘጉበታል፣ መነሳት አይችልም፣ ይረገጣል። ታስሮ ከሆነ ገመዱ ሊያንቀውም ይችላል። በሌላ በኩል በጣም ሰፊ ቦታም ጥሩ አይደለም፤ በየመታጠፊያው ይወረወራሉ። ትክክለኛው ልክ በመሃል ነው። ያንን ልክ የሚያስጠብቅ ደግሞ የለም።

ሹፌሩም በጉዞ ነው የሚከፈለው። ቶሎ ደርሶ ሌላ ጭነት መያዝ ይፈልጋል። ከብት የሚወድቀው በብዛት በድንገተኛ ፍሬንና በፍጥነት በሚያዝ ኩርባ ነው። ከዲላ በላይና በታች ያለውን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማሰብ አይቸገርም። ረጋ ብሎ የሚነዳ ሹፌር ለባለቤቱ ብዙ ኪሎ ያተርፍለታል። ግን ማን አመስግኖት፣ በምን ተለክቶ?

ኬላው ደግሞ አለ። በየከተማው መግቢያ ቆመህ ወረቀት ታሳያለህ፣ የኮቴ ትከፍላለህ፣ ትጠብቃለህ። መኪና ሲቆም ነፋሱም ይቆማል። ፀሐይ ላይ የቆመ ሙሉ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በፍጥነት ይጨምራል። ጸጥታው ሲደፈርስና መንገድ ሲዘጋ ሰዓታቱ ወደ ቀን ይለወጣሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ነዳጅ በተደጋጋሚ ጨምሯል። ነጋዴው የጨመረበትን ኪራይ የሚያካክስበት ቅርቡ መንገድ አሁንም ያው ነው፤ አንድ ከብት መጨመር።

ሰውነቱ ውስጥ የሚሆነው

መጀመሪያ የሚጎድለው የሆድ ዕቃው ነው። የከብት ትልቁ ጨጓራ እጅግ ብዙ ውሃና ሣር ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍርሃትም በመንቀጥቀጥም ያ ይወጣል። ይህ ውሃና መኖ ሲያገኝ ይመለሳል። ጉዞው ሲረዝም ግን ከሰውነቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ከጡንቻው ውሃ፣ ከስቡ፣ ከሥጋው። ይህኛው በአንድ ቀን አይመለስም። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። አድላቢው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያወጣው የፋጉሎ ወጪ ከፊሉ መንገዱ የወሰደውን መመለሻ ነው።

ሥጋውም ይለወጣል። ለዚህች ሀገር ሰው ይህ ከሌላው ሁሉ በላይ ሊያሳስበው የሚገባ ይመስለኛል። ጤነኛና ያረፈ ከብት ጡንቻው ውስጥ የተከማቸ የኃይል ስኳር አለ። ከታረደ በኋላ ያ ስኳር ወደ አሲድ ይለወጣል። አሲዱ ሥጋውን ቀይና ለስላሳ ያደርገዋል፣ ባክቴሪያም ቶሎ እንዳይራባበት ይይዝለታል። የደከመ፣ የተራበ፣ የተደበደበ ከብት ያንን ስኳር መንገድ ላይ ጨርሶታል። ወዲያው ሲታረድ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ቶሎም ይበላሻል። እኛ ደግሞ ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች ነን። በሬው ከመታረዱ በፊት ስንት ቀን ዐረፈ የሚለውን ጥያቄ ከማንም በፊት መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን። በከብት ይህ ስኳር ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ አንድ ሌሊት አይበቃም።

ሰንበሩም አለ። ዱላ ያረፈበት፣ ከመኪናው ብረት ጋር የተጋጨበት ቦታ ደም ይቋጥራል፣ ያ ሥጋ ተቆርጦ ይጣላል። ቆዳውም ይቧጨራል። የቆዳ ፋብሪካዎች ስለ ጥሬ ቆዳ ጥራት ለዓመታት ሲያማርሩ የኖሩት ከፊሉ ከዚህ ይነሳል።

ሲደርስ

አሁን ከብቱ ደርሷል። ዋጋው ገና አልታወቀም። በአብዛኛው ከብቱ የሚጫነው አዲስ አበባ ምን ያህል ያወጣል በሚል ግምት ነው። ነጋዴው ኪራዩን ከፍሏል፣ ኬላውን ከፍሏል፣ የከብቱን ዋጋ ከፍሏል። ገበያው ወድቆ ቢያገኘው ምን ያደርጋል? መልሶ ሊወስደው አይችልም። ማሳደር ይችላል፤ ግን ለመኖ፣ ለውሃ፣ ለጥበቃና ለበረት ይከፍላል። ከብቱም ባልለመደው ቦታ በየቀኑ እየጎደለ ይሄዳል። ገዢው ይህን ያውቃል። ደላላውም ያውቃል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ሻጭ ሁልጊዜ ቸኩሎ ነው የሚሸጠው።

በበዓል ሰሞን ይህ በግልጽ ይታያል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል። ለፋሲካ ዋዜማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጭናል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋጋው ሲሰቀል የሰማ ነጋዴ ተጨማሪ መኪና ይልካል። መኪናው ቅዳሜ ከሰዓት ቢገባ ግን ቅርጫ የሚገባው ሰው በሬውን ገዝቶ ሄዷል። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ጋ ለነጋዴው ይሆናል። የዚህ ዓይነት አንድ ኪሳራ ትንሹን ነጋዴ ከገበያ ያስወጣዋል። ቀጥሎ ቦረና ሲወርድ ያንን ፍርሃት ዋጋው ውስጥ ያስገባዋል፤ ከአርብቶ አደሩ አርክሶ ይገዛል። ስለዚህ በመጨረሻ የመንገዱን ጉድለት የሚከፍለው ዱብሉቅ ላይ ወይፈኑን ያወጣው ሰውዬ ነው። ደረሰኝ የለው፣ ምን ያህል እንደከፈለም አያውቅ።

በዓይን መገመት የሚያመጣው ሌላ ጣጣ አለ። ጨው አልሶ ውሃ ማጠጣት በየገበያው የታወቀ ዘዴ ነው። ጎድጉዶ የነበረው ጎን ይሞላል፣ ከብቱ የደላው ይመስላል። ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ሁሉንም ይጠረጥራል። ከዚህ የሚጎዳው ማን ነው? ከብቱን ከልቡ ያሳረፈው፣ ድርቆሽ ያበላው፣ ረጋ አድርጎ ያመጣው ነጋዴ ነው። ልፋቱን በምንም ማስረዳት አይችልም። ሆዱ በጨው ውሃ ከተነፋው ጋር እኩል ይገመታል። በሚቀጥለው ጊዜ ለምን ይለፋል?

ሻኛ መዳሰስ፣ ጥርስ ማየት፣ ጎን መገመት ትልቅ ዕውቀት መሆኑን አልክድም። ልምድ ያለው የሰንጋ ነጋዴ ከአንድ እይታ ተነስቶ ሥጋውን ያሰላል። ግን ይህ ዕውቀት ያለው በገዢው በኩል ነው። አርብቶ አደሩ የላሙን ዘር፣ ባሕርይዋንና የወተቷን ልክ አጥርቶ ያውቃል። አዳማ ላይ ኪሎዋ ስንት እንደሚያወጣ ግን የሚነግረው የለም። ሚዛን የተተከለባቸው ገበያዎች እንኳን አሉ። ግብይቱ ግን ከአጠገቡ በዓይን ይቀጥላል፤ ምክንያቱም ሚዛኑ እንዲሠራ የሚፈልገው ወገን ጉልበት የለውም።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

በአሜሪካ የከብት ጨረታ ቤቶች ውስጥ ከብት ወደ ጨረታው ሜዳ ሲገባ ይመዘናል፣ የሚሸጠውም በክብደት ነው። ስለዚህ በመንገድ የሚጠፋው ኪሎ እዚያ ስም ያለው ወጪ ነው። ሻጭና ገዢ አስቀድመው ይደራደሩበታል፤ ከብቱ ከእርሻው ላይ ሲሸጥ ከሚዛኑ ላይ ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ በስምምነት የሚቀነስበት አሠራር አለ። ገበሬው ሩቅ ያለው ጨረታ ቤት የተሻለ ዋጋ ቢሰጥም የሚጠፋበትን ኪሎ ቀንሶ ያሰላል። አንዳንዴ ቅርቡ ገበያ ይሻላል። ይህችን ቀላል ስሌት የእኛ ሰው መሥራት አይችልም።

ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አሜሪካና አውስትራሊያ ውስጥ ከብቱ ከግጦሹ ሳይነቃነቅ በቪዲዮና በኮምፒውተር መሸጥ ተጀመረ። ዋጋው ይቆረጣል፣ ከዚያ ይጫናል፣ በቀጥታ ወደ ገዢው ይሄዳል። ለእኛ ትልቁ ትምህርት ይህ ቅደም ተከተል ነው። ከብት ካራሎ ደርሶ ዋጋ ከሚፈልግ፣ ዋጋው ታውቆ ቢነሳ ሻጩ ቢያንስ እምቢ ማለት ይችላል። ስልክ ዛሬ ቦረናም አለ። ፎቶና ቪዲዮ መላላክም አዲስ ነገር አይደለም። የጎደለው በቪዲዮው ላይ የሚታመን የኪሎ ቁጥር ነው።

ሕግም አላቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1873 በባቡር ለሚጫኑ እንስሳት 28 ሰዓት ገደብ አወጣች፤ ከዚያ በኋላ መውረድ፣ መጠጣትና መብላት አለባቸው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለከብት መሠረቱ 8 ሰዓት ነው። የተሻለ መሣሪያ ባለው መኪና 14 ሰዓት ተጉዞ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዐርፎና ውሃ አግኝቶ፣ ሌላ 14 ሰዓት መቀጠል ይቻላል። አፈጻጸሙ እዚያም ቢሆን ብዙ ይተቻል።

የቺካጎው ታሪክ የበለጠ ይስበኛል። ዩኒየን ስቶክ ያርድስ የሚባለው ግዙፍ የከብት ገበያ እ.ኤ.አ. በ1865 መጨረሻ ላይ ተከፈተ። ከምዕራብ የመጣ ከብት እዚያ ተሽጦ በሕይወት እያለ በባቡር ወደ ምሥራቅ ከተሞች ይላክ ነበር። ጉስታቨስ ስዊፍት የሚባል ነጋዴ አንድ ነገር አሰላ። ከበሬው ክብደት ግማሽ ያህሉ ሥጋ አይደለም፤ ግን ኪራይ ይከፈልበታል። በ1870ዎቹ መጨረሻ በበረዶ የሚቀዘቅዝ የባቡር ፉርጎ አሠራ። ቺካጎ ላይ ማረድና ሥጋውን መላክ ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ቄራዎቹ ራሳቸው ከቺካጎ ወጥተው ከብቱ ወደሚደልብባቸው ግዛቶች ተጠጉ። የቺካጎው ገበያ በ1971 ተዘጋ።

እኛም ቄራውን ወደ ቦረና እንውሰድ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። ለወጪ ንግድና ለትላልቅ ተቋማት፣ ለምሳሌ ለሆቴሎች፣ ለዩኒቨርሲቲ መመገቢያዎች፣ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ለአዲስ አበባ ሥጋ ቤት ግን በቅርብ አይሆንም። የእኛ ሰው ዛሬ የታረደውን፣ ተሰቅሎ የሚያየውን ሥጋ ነው የሚፈልገው። ቅርጫ የሚገባው በሬውን በዓይኑ አይቶ፣ በማን እንደታረደም አውቆ ነው። መብራት የሚቆራረጥበት የማቀዝቀዣ ሰንሰለት ደግሞ አደጋ ነው። ስለዚህ ለሚመጡት ብዙ ዓመታት በሬው በሕይወቱ መጓዙ አይቀርም። አመጣጡ ነው መስተካከል ያለበት።

በሽታና ድርቅ

የተጓዘ ከብት ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ይህች ሀገር ከማንም በላይ ታውቃለች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለጣሊያን ጦር በምጽዋ በወረዱ ከብቶች የገባው ደስታ የሚባል የከብት ወረርሽኝ ከሀገሪቱ ከብት አብዛኛውን ፈጀ። አራሽ በሬ ጠፋ። ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ መጣ። ደስታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ሌሎቹ ግን አሉ። አፍተግር፣ ማለትም አፍና ኮቴ የሚያቆስለው በሽታ፣ የያዘው ከብት ምልክት ሳያሳይ ቫይረሱን መርጨት ይጀምራል። ጤነኛ መስሎ ይጫናል፣ አንድ ቀን ሙሉ ከ14 ሌሎች ጋር ተጠጋግቶ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ገበያው ውስጥ ይበተናል። በጉዞ የደከመ ከብት የመከላከል አቅሙም ይወርዳል። ገበያ ውሎ የተመለሰ ከብት ደግሞ በሽታውን መንደር ያደርሳል።

ሩቅ ያለ ገበያ በበሽታ ሰበብ ሲዘጋ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ በሳዑዲና በየመን የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲነሳ የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚገባውን እንስሳ አገዱ። የሶማሌ ክልል አርብቶ አደር ለዓመታት ተጎዳበት።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ስለ ረጅሙ መንገድ አንድ ጥሩ ነገር ካልተናገርኩ ፍትሐዊ አልሆንም። በድርቅ ጊዜ ያ መኪና ሕይወት ያድናል። በ1998 ዓ.ም. ድርቅ ቦረናን ሲመታ የረድኤት ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነጋዴዎችን ከሞያሌ አካባቢ አርብቶ አደሮች ጋር አገናኙ። ለነጋዴዎቹ ትንሽ ብድር ተሰጠ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ከብት ሳይሞት ተገዝቶ በመኪና ወጣ። አርብቶ አደሩ በእጁ ገንዘብ ገባ፤ እህል ገዛበት፣ ለቀሩት ከብቶች መኖ ገዛበት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ድርቅ ግን አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ፣ በደቡብና በምሥራቅ በሚሊዮን የሚቆጠር እንስሳ አለቀ። ድርቁ ሲበረታ የከሳ ከብት 600 ኪሎ ሜትር አይችልም። ነጋዴም አይገዛውም። መኪናው መድረስ ያለበት ከብቱ ገና መቆም በሚችልበት ጊዜ ነው። ያ ውሳኔ ደግሞ ዋጋና ክብደት ቀድሞ መታወቁን ይፈልጋል።

ከየት ይጀመር?

እኔ ብጠየቅ ከአድላቢዎቹና ከወጪ ንግድ ቄራዎቹ እጀምር ነበር። ከእነሱ ውስጥ በኪሎ መግዛት የለመዱ አሉ። ሲጫንም ሲወርድም ይመዘን ቢሉ፣ ለመድረሻ ክብደቱ ደግሞ ለነጋዴውና ለሹፌሩ ትንሽ ጉርሻ ቢከፍሉ፣ በአንድ ወቅት ውስጥ ልዩነቱ ይታያል። ሹፌሩ ኩርባውን በዝግታ ይይዛል። ጫኙ ዱላውን ይቀንሳል። ነጋዴው 16ኛውን ከብት ይተዋል። ማንም ሳይሰብካቸው።

የኪራዩ ውል ከመኪና ወደ ከብት ቁጥር ወይም ወደ ደረሰው ኪሎ ቢዞር ሌላ ትልቅ ለውጥ ነው። የመጫኛ ደረጃው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድንጋይ፣ ሲሚንቶና ትክክለኛ ከፍታ ነው። ገበያ ሲገነባ አጥርና ቢሮ ከሚቀድም እሱ ቢቀድም። ሐዋሳ ወይም ሻሸመኔ አካባቢ መኪናው ቆሞ ከብቱ ወርዶ የሚጠጣበት በረት ቢኖር ጉዞውን ለሁለት ይከፍለዋል። በረቱ ለአገልግሎቱ ገንዘብ ሊያስከፍልም ይችላል። ዛሬ ማንም አይከፍልም፤ ሃያ ኪሎው ሲታይ ግን ይከፈላል።

ለተቀባዩም የሚሆን ነገር አለ። የተራበ ከብት እንደወረደ ፉርሽካና ፋጉሎ ፊቱ ከተከመረለት ጨጓራው ይመርዘዋል፤ ደህና ደርሶ በማግስቱ የሚሞት ከብት አለ። መጀመሪያ ድርቆሽ፣ ውሃ በልኩ እየደጋገሙ፣ ጥላ፣ ከዚያ በቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ ወደ ማደለቢያው መኖ። ለእርድ የመጣውም ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ።

ኬላው ላይ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። የቁም እንስሳ የጫነ መኪና ሰልፉን ትቶ ይለፍ። የጤና ወረቀቱ ይታይ፣ ክፍያው አንድ ቦታ ይከፈል፣ ደረሰኙ እስከ መድረሻው ይሥራ። ሲሚንቶ ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቢቆም ምንም አይሆንም። በሬ ግን ይሆናል።